የካፒታኖው ሞተር ሳይነሳ የዋለበት ቀን

ከቤቴ አጥር ጀርባ የኑግ መጭመቂያ ከተከፈተ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ጎረቤቶቼ በድምፁ ይማረራሉ። እኔን የሚያስቸግረኝ ጠረኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ፍሬው ሲሞቅ የሚነሳው ወፍራም ጠረን በመስኮት ሲገባ ቁርሴን አቋርጬ እነሳለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ "ጎጃም ተወልዶ ኑግ የሚሸሽ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየንም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በመስከረም መጨረሻ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ቢጫ ሁሉ የኑግ አበባ ነው፤ በጾም ወጣችንም፣ ማታ መብራታችንም እሱ ነበር። ለምን እንደምሸሸው ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ነገሩ የሚመለከታቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ስላለፉ፣ አሁን ብጽፈው የምጎዳው ሰው የለም።

በዚያ ዘመን ከተማችን ፍኖተ ሰላም አትባልም ነበር፤ ስሟ ወጀት ነበር። ጣሊያን ከገባ ስንተኛው ዓመት እንደነበር በትክክል አላስታውስም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። አንድ ጠገራ ብር ይዞ ቡሬ ገበያ የወጣ ሰው ጨውም፣ በርበሬም፣ ለሚስቱ መቀነትም ገዝቶ የሚተርፈው ነበር፤ በጣሊያኑ የወረቀት ገንዘብ በሊሬ የሚገዛ ግን ገበሬው ፊቱን ያዞርበታል፣ ወይም ዋጋውን እጥፍ ይነግረዋል። ወረቀቱን እያገላበጠ "ይኼ ሲዘንብበት ምን ይሆናል?" ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይቻለሁ። እኛ ጣሊያን ቤት የምንሠራው ካኪ ቁምጣ ይታደለን ነበር፤ አፍረን ከላዩ ጋቢ እንደርብበታለን። ቡሬ ከነበረው የጣሊያን ምሽግ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ወደ ሽንዲ በሚታጠፍበት ጥግ፣ የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበር። ክብሪት፣ ሻማ፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይሸጣል። ግራሞፎኑን በርጩማ ላይ አድርጎ በር ላይ ያስቀምጠዋል። ያለው ሸክላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተሰንጥቋል፤ ዘፋኙ መሀል ላይ ሲደርስ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ይደግምና ይዘላል። የከተማው ሰው ዘፈኑ እንደዚያ የተዘፈነ ስለመሰለው፣ ወንዝ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደግመው ይዘሉ ነበር። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ባንክ ቆሟል። ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ፣ ሱቁ የነበረበትን ቦታ በእርምጃ ለክቼ ለማግኘት ሞከርኩ፤ ዘበኛው ምን ጠፍቶብዎት ነው አለኝ።

እኔ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ገና ሰባት ወር እንዳስተማርኩ ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወጀት አጎቴ ዘንድ ገባሁ። ትንሽ ፈረንሳይኛ ስለማውቅ ጣሊያንኛውን ቶሎ ለቀምኩት፤ ይህ ሲሰማ ቡሬ ካለው ምሽግ ተጠራሁ። በመኪና መጠገኛው ውስጥ ዕቃ መዝጋቢና አስተርጓሚ አደረጉኝ። ኪሴ ውስጥ ከትምህርት ቤት የተረፈ ጠመኔ ይዤ እዞር ነበር። መደርደሪያውን ሁሉ ቁጥር ጻፍኩበት፤ ብሎኑን በብሎን፣ ፒንሳውን በፒንሳ አስቀመጥኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሁሉን አስረዳ ነበር።

መካኒኩ አያ ይግዛው ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸው ነበር። የሽንዲ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ገበያ ላይ ሰው ዓይናቸውን ይሸሻል፤ በፊታቸው ቅቤ ገልጦ የሚያሳይ ሴት የለችም። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ወርደው የአንድ ባላባት መኪና ሲጠብቁ ሞተር ለምደው ተመለሱ። የጣሊያኑ መካኒክ በወባ ታሞ ሲሄድ ምሽጉ ያለ እሳቸው ሰው አልነበረውም። ይቀልዱ ነበር። "ዓይኔን የማይፈራ ጣሊያን ብቻ ነው፤ ለዚያም ነው መኪናው ሁሉ የተሰበረበት" ይላሉ። እኔን "የኔታ" ይሉኛል፤ ጢም ያላበቀለ ልጅ በቄስ መምህር ስም ሲጠራ ለጣሊያን የተቀጠሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት ግንቦት አንድ ልጃቸውን ላቀውን ያዙባቸው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ገበሬ ነው፤ ሚስት ሊያገባ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ጅጋ ገበያ ላይ፣ ጤፍ በጫነ አህያ ስልቻ ውስጥ ጥይት ተገኘበት። ለማን እንደሚወስደው ሁሉም ያውቃል፤ ጫካው በአርበኛ ተሞልቶ ነበር። በምሽጉ ውስጥ ካለው ቆርቆሮ ቤት አስገቡት። እናቱ እቴ ትርንጎ ከሽንዲ በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ስንቁን እየፈታ፣ እንጀራውን በሳንጃ እየገለበጠ ያስገባላቸዋል።

የምሽጉ አዛዥ ካፒታኖው ረጅም ሰው ነበር፤ ጥርሱን ያመው ስለነበር ጉንጩ ውስጥ ሁልጊዜ ጥጥ ይወትፋል። አንድ ጠዋት ወደ መጠገኛው መጣና ጥግ ላይ ተበትኖ የቆመውን ሞተር ብስክሌት በእግሩ ነካ አደረገው። ክረምት ከገባ መንገዱ ለጭነት መኪናው ለካሚዮን እንደማይሆን፣ መልእክት የሚያደርስለት ይህ ሞተር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ "ንገረው" አለና ወደ አያ ይግዛው አመለከተ። "የመጨረሻው ካሚዮን እሥረኞቹን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው ሰኔ አሥራ አምስት ጎሕ ሲቀድ ነው። ሞተሩ ከዚያ በፊት ከተነሳ ልጁን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ፤ እዚሁ ከአባቱ ጋር ይሠራል።"

አስተረጎምኩ። አያ ይግዛው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳመጡ።

"ባይነሳስ በለው።"

ጠየቅሁት። ካፒታኖው ዞሮ ግቢው መሀል የቆመውን ካሚዮን አየ። ደብረ ማርቆስ የተወሰደ ሰው በዚያን ጊዜ አይመለስም ነበር።

ካፒታኖው ከሄደ በኋላ አያ ይግዛው "አየህ የኔታ፣ ልጄ ለአርበኞቹ ጥይት የሚያቀብለው እነዚህን እንዲገድሉለት ነው፤ እኔ ደግሞ እሱን ለማዳን ለነሱ ፈረስ ልጭን ነው" አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው መፍታት ጀመሩ።

የሞተሩን ነገር ባጭሩ ላስረዳ፤ ያለዚያ የሆነው አይገባም። ሞተር ይተነፍሳል። በአንድ በር ነዳጅና አየር ያስገባል፣ በሌላው ጭሱን ያወጣል። በሮቹ ያሉት ከላይ፣ የሞተሩ ራስ ላይ ነው፤ የሚያዛቸው ግን ታች ነው። ታች፣ ጉብታ ያለው ብረት ይሽከረከራል። ጉብታው በመጣ ቁጥር ከላዩ የተቀመጠችውን ጣት የምታህል ብረት ያነሳታል፤ እሷን መካኒኮች ፑንቴሪያ ይሏታል። ፑንቴሪያዋ ከላይዋ የቆመውን ቀጭን ገፊ ዘንግ ትገፋለች፤ ዘንጉ ራስ ላይ ያለውን ተወዛዋዥ ክንድ ይገፋል፤ ክንዱ በሩን ይከፍተዋል። ጉብታው ሲያልፍ ሁሉም ተከታትሎ ይወርዳል፣ በሩም ይዘጋል። የካፒታኖው ሞተር ሁለት በር ስላለው ሁለት ፑንቴሪያና ሁለት ዘንግ ነበረው። ፑንቴሪያ በማደሪያዋ ውስጥ እንደ ልቧ መውጣትና መውረድ አለባት። ወጥታ ከቀረች በሩ ክፍት ይቀራል፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ሽቅብ ሲመጣ የተከፈተውን በር ይመታል፤ ያን ጊዜ የሚጣመመው መሀል ላይ ያለው ቀጭኑ ዘንግ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አያ ይግዛው ናቸው፤ እኔም ደብተሬ ላይ ሥዕሉን ስዬ፣ ከሥሩ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌዋለሁ።

እያንዳንዷ ፑንቴሪያ ከገዛ ጉብታዋ ጋር ተላምዳ ስለምታልቅ ቦታ መለዋወጥ የለባትም። ስለዚህ የማስገቢያውን በር ዕቃ በነጭ ክር፣ የማስወጫውን በጥቁር ክር አሰርኩና ሰፌድ ላይ ደረደርኩት። አያ ይግዛው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ጎበዝ፤ ይኼን እኔም አላሰብኩት" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኔ አሥራ አንድ ማታ ላይ ሥራው እኩሌታ ሲደርስ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"ነገ ሚካኤል ነው" አሉ።

"አያ ይግዛው፣ የቀረው እኮ ሦስት ቀን ነው።"

"መቁጠር አያቅተኝም የኔታ።"

"ለላቀው ሲሉ አንድ ቀን እንኳ …"

"ላቀውን የሚያወጣልኝ እሱ ነው፤ ካፒታኖው አይደለም። በቀኑ መዶሻ ባነሳበት በምን ዓይኔ እለምነዋለሁ?" ተነሱና ጋቢያቸውን አጣፉ። "አንተ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ከሆነ ዕቃዎቹን እጠባቸው። በቤንዚን። ከዚያ ሸፍናቸው፤ ሌላ ምንም አያሻም።"

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። እኔ ብቻዬን መጠገኛው ውስጥ ገባሁ። አጠብኩ። ፑንቴሪያዎቹን፣ ማደሪያቸውን፣ ዘንጎቹን እንደ ብር እስኪያበሩ አጠብኳቸው። ቀትር ላይ ዝናብ መጣ፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ሰፌዱን ብገልጥ በአንደኛዋ ፑንቴሪያ ላይ እንደ በርበሬ ያለች ቀይ ነጥብ አየሁ። ዝገት ነው። የሞተር ዘይት የሚቆለፍበት ግምጃ ቤት ቁልፍ ያለው ሹም በቦታው አልነበረም። ያን ጊዜ አጎቴ ትዝ አለኝ። ክረምት ሲገባ የጠመንጃውን ብረት የኑግ ዘይት ቀብቶ ፍም አጠገብ ያሞቀዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይቀባዋል። እስከ መስቀል ዝገት አይነካውም ነበር። የእኛ አገር ሰው ሁሉ ጠመንጃውን የሚያከርመው እንዲሁ ነው። ካከራየችኝ ሴት ቤት አንድ ዋንጫ ኑግ አመጣሁ። ቀባሁ፣ ፍም አጠገብ አደረቅሁ፣ ደግሜ ቀባሁ። ማደሪያዎቹንም ውስጣቸውን በላባ አዳረስኳቸው። ላይ ላዩን በጨርቅ ስጠርገው አበራ። ጠመንጃው የሚንቀሳቀስ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ፑንቴሪያ ግን በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትወጣና የምትወርድ እንደሆነች፣ ደብተሬ ላይ ሥዕሉን የሳልኩት እኔው አላሰብኩም።

ሰኔ አሥራ ሦስት ገጣጠምን። አያ ይግዛው ፑንቴሪያዎቹን ብርሃን ላይ አነሷቸው። "እንደ ጽዋ አበራሃቸው እኮ" አሉ። ነጩን በነጩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ቦታ አስገባን። በክንዱና በበሩ መሀል የሚቀረውን ክፍተት ከደብተሬ በቀደድኳት ወረቀት ለካነው፤ ወረቀቷ ገብታ በጥቂቱ ተያዘች፤ ልክ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አያ ይግዛው ማስነሻውን ረገጡት። በሦስተኛው ተነሳ።

ድምፁ ቆርቆሮውን ሁሉ አንቀጠቀጠው። በሩ ላይ እቴ ትርንጎ እልል አሉ፤ ዘበኛው ጮኸባቸው፤ አላቆሙም። ከእሥር ቤቱ አንድ ድምፅ መጣ።

"አባዬ! ሰማሁት!"

"ሰማኸው?" ብለው ጮኹ አያ ይግዛው። "ያንተ ነው! ልብስህን ጠቅልል!"

"ምን ልብስ አለኝና!" አለ ላቀው፤ አብረውት የታሰሩት ሲስቁ ተሰማ።

ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ተዉትና ነዳጅ እንዳያልቅ አጠፉት። ካፒታኖው ጅጋ ሄዶ ነበር፤ የሚያየው በማግስቱ ጠዋት ነው ተባለ። ያን ማታ አያ ይግዛው ጠላ ጋበዙኝ። ለላቀው የሚያገቡለትን ልጅ ነገር፣ የሚሰጡትን በሬ መልክ ሳይቀር ነገሩኝ። ኑጉ በዚያ ሰዓት በጋለው ብረት ውስጥ ቀልጦ፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደ ሙጫ ይይዝ ነበር።

ጠዋት ጉም ነበር። ካፒታኖው ጉንጩን ይዞ መጣ። አያ ይግዛው አንዴ ረገጡት፤ እግራቸው ያለ ወትሮው ቀልሎ ወረደ፤ ሞተሩ ትንፋሹን አልያዘም። ሁለተኛ ረገጡት። በሦስተኛው ከውስጥ "ቋ" አለ። ካፒታኖው ሰዓቱን አየና "እስከ ነገ ጠዋት" ብሎኝ ሄደ።

ክዳኑን ከፈትነው። ጥቁር ክር የነበረበት ዘንግ እንደ ደጋን ተጣሟል። አያ ይግዛው አወጡት። እኔ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ወደ ፑንቴሪያዋ ሰደድኩ። ጫፏ ላይ ቡናማ ነገር ነበር። ተጣበቀብኝ። አሸተትኩት።

"ክሮቹን አልቀያየርካቸውም?" አሉኝ።

"አልቀያየርኩም።"

"ያጠብካቸው በቤንዚን ብቻ ነው?"

ጣቴን ቁምጣዬ ላይ ጠረግሁ። "በቤንዚን ብቻ ነው" አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ የማስረዳበት ደህና ነገር አላገኘሁም። አፈርኩ። ያ ብቻ ነው። ትክክሉን ለሰው የምነግር እኔ ነበርኩ። ደግሞም ችግሩ ሌላ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እሳቸው አዋቂ ናቸውና ያገኙታል፤ ሲያገኙት የእኔ ሳይነሳ ይታለፋል አልኩ።

አያ ይግዛው አመኑኝ። ስላመኑኝም ሌላ ሌላውን ፈለጉ። ዘንጉን በትንንሽ መዶሻ እየመቱ አቀኑት፤ የመስታወት ስባሪ ላይ እያንከባለሉ ብርሃን ከሥሩ እንዳያልፍ አዩ። ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን አቁመው ቁመታቸውን አስተያዩ። ጫፋቸው የሚቀመጥባትን ጎድጓዳ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ተወዛዋዡን ክንድ ፈትተው ገጠሙ። ከዚያ የታችኛውን የጎን ክዳን ከፍተው የጥርሶቹን ምልክት ተመለከቱ፤ ይህ ብቻ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ። ሁሉም ልክ ነበር። ፑንቴሪያዋንም በአውራ ጣታቸው ጫን አሏት። የቀጥቃጭ ጣት ነው፤ ወረደችላቸው። "እሷስ ደህና ናት" አሉና አለፏት። እኔ ካቻቢቴ እያቀበልኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ገጣጥመው በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። ዘንጉ እንደገና መጉበጥ ሲጀምር አቆሙ። ፈቱት። ግንባራቸውን የነዳጁ በርሜል ላይ አስደገፉ።

"እጄ ነው እንጂ ብረቱማ ምንም የለበትም" አሉ። "እጄ ከዳኝ የኔታ። አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።"

"ትንሽ ይረፉ።"

"ነገ አርፋለሁ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እቴ ትርንጎ ከበሩ ጠሯቸው፤ ለመንገድ ስንቅ ይሠራ ወይስ አይሠራ ብለው ሊጠይቁ ነው። አያ ይግዛው ሲወጡ እኔ ተንበረከክሁ። ፑንቴሪያዋን በጣቴ አነሳኋት፤ ወጥታ ቀረች፤ አልወረደችም። ላባ በቤንዚን ነክሬ ማደሪያዋን ደጋግሜ አጠብኩት። እንደገና አነሳሁና ለቀቅኋት። ጠብ ብላ በራሷ ክብደት ወረደች። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አደረግሁ። እሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ጥሩምባው ተነፋ። ነዳጅ ስላለበት መጠገኛው ውስጥ ከመሸ ፋኖስ ማብራት ክልክል ነው፤ አስካሪው ሊያስወጣን መጣ። አያ ይግዛው ተመለሱ።

"አያ ይግዛው፣ አሁን የሚሠራ ይመስለኛል" አልኩ።

"በምን አወቅህ?"

"ፑንቴሪያዋን ስሞክራት … በራሷ ወረደች።"

ፊቴን አዩ። ከዚያ ወደ አስካሪው ዞረው የእጁን መዳፍ ያዙ። "አንድ ሰዓት ስጠን ወንድሜ። አንተም አባት አለህ።" አስካሪው ከኤርትራ የመጣ የሐማሴን ሰው ነበር፣ አማርኛ በሚገባ ያውቃል። "አባባ፣ እኔን ነው የሚገርፉኝ" አለ፤ በሩን ዘጋ።

ግቢው የሚከፈትልን ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ካሚዮኑ የሄደው ጎሕ ሲቀድ ነው። እቴ ትርንጎ ስንቁን በነጠላ ቋጥረው በጭቃው ውስጥ ከጎኑ ሮጡ። አንዱ እሥረኛ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው፤ ላቀው ይሁን ሌላ አላዩም። በሩ ሲከፈት አያ ይግዛው ከማንም ሳይነጋገሩ ገቡ። ዘንጎቹን አስገቡ፣ ክፍተቱን ለኩ፣ ክዳኑን ዘጉ። አንዴ ረገጡት። ተነሳ።

ካፒታኖው ከነፒጃማው ወጣ፤ አዳመጠ፤ ደስ አለው። ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ ለአያ ይግዛው ሰጣቸው። እሳቸው ፓኮውን ይዘው "ንገረው" አሉኝ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። "ካሚዮኑ በጭቃ ነው የሚሄድ። ይኼ ሞተር ወጀት ሳይገባ ይደርስበታል። ሰው ይላክበትና ልጄን ይመልሰው በለው። ነድቼ አምጣ ቢለኝም እነዳለሁ በለው።"

አስተረጎምኩ፤ በሕይወቴ ያን ያህል አጥርቼ የተናገርኩት ጣሊያንኛ የለም። ካፒታኖው ዝርዝሩ ተፈርሟል አለ። ጥጡን ከጉንጩ አውጥቶ ጣለና ሞተሩ ላይ ወጥቶ ግቢውን አንዴ ዞረበት።

በሚቀጥለው ገበያ አንዲት የጅጋ ጠላ ሻጭ ወሬ ይዛ መጣች። ካሚዮኑ እነሱ ዘንድ ጭቃ ይዞት ቆሞ ነበር፤ ለእሥረኞቹ ውሃ አጠጥታለች። አንድ ቀይ ጎልማሳ ቅሉን ሲመልስላት "ከቡሬ የመጣ ሰው አላገኘሽም? ሞተሩ ተነሳ?" ብሎ ጠይቋታል። ምን አልሽው አሏት እቴ ትርንጎ። "የምን ሞተር? አልኩት" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ላቀው የሰማ ሰው የለም።

ጣሊያን ወጣ። የከተማችን ስም ተለወጠ፤ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። ዓመቱ እየተቆጠረ ሄደ። አንድ በጋ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ሽንዲ ተላክሁ። አያ ይግዛው እዚያ የእህል ወፍጮ ሞተር ይዘዋል አሉኝ። ሄድኩ። ሸብተዋል፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ሁለት ሠራተኞችን አስቀምጠው ሞተሩን እየገጠሙ ያስተምሩ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

"ፑንቴሪያን በጣታችሁ ገፍታችሁ ወረደች አትበሉ። አንስታችሁ ልቀቋት። በራሷ ክብደት ካልወረደች አትመኗት። እኔ ያን ባለማድረጌ ልጄን በላሁ።"

ይህን የሚናገሩት እንደ ማንኛውም ትምህርት ነበር፤ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ሰምተውት ይመስለኛል፣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሠራተኞቹ ሲወጡ አያ ይግዛው አወቁኝ፤ "የኔታ!" ብለው ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

"አያ ይግዛው፣ ያን ቀን በቤንዚን ብቻ ነው ያጠብኩት ያልኩዎ ውሸት ነው። ኑግ ቀብቻቸው ነበር። የያዛት እሱ ነው።"

ጨርቅ አነሱና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

"መቼ አወቅኸው?"

"ሲጠይቁኝ።"

"ከጠዋቱ?"

"ከጠዋቱ።"

አሥሩንም ጣት እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ቢመቱኝም፣ ቢረግሙኝም ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

"ትርንጎ ዘጠኝ ዓመት አላናገረችኝም" አሉ በመጨረሻ። "ትሠራለች፣ ታበላኛለች፤ ቃል ግን የለም። ይቅር ያለችኝ አምና ለፋሲካ ነው። 'ይግዛው፣ በቃ ደክሞኛል' ብላ አለቀሰች።"

"ለእሳቸውም እነግራለሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

"ሰማሁህ። አትነግራትም።"

"አያ ይግዛው …"

"ባንተ ደግሞ ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው? ምን ጉልበት አላት? ዘጠኝ ዓመቷን በከንቱ በኔ ላይ እንዳዋለችው ልንገራት ትለኛለህ?" ጨርቁን አጣጠፉት። "ጥፋቱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ለምጄዋለሁ።"

በዚህ መሀል እቴ ትርንጎ የባላቸውን ምሳ ይዘው ገቡ። ጎብጠዋል። ትንሽ ቆመው ተመለከቱኝና አወቁኝ። አገላብጠው ሳሙኝ፤ "ያን ቀን ከጎንህ ሳይለይ የዋለ ልጅ" አሉ ለባላቸው፤ "ያን ቀን ከኛ ጋር የተንከራተተ እሱ ብቻ ነው።" ሳይበላ አይሄድም ብለው ውሃ አስታጠቡኝ። አያ ይግዛው ቀና ብለው አላዩኝም። እቴ ትርንጎ እንጀራውን በወጥ ጠቅለል አድርገው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ "በሞቴ" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። አጎረሱኝ።